ባለቤት የሌለው እሳት
ርችትና በዓል በሰበታ፥ በቡራዩና በሱሉልታ

የአንድ ሕዝብ ጠባይ ከሥራው ቀን ይልቅ በበዓሉ ቀን ጐልቶ ይታያል ቢባል ማጋነን አይሆንም። በሥራ ቀን ሰው ሁሉ በአለቃና በሰዓት፥ በገበያና በሒሳብ ተይዞ ይውላል፤ በበዓል ቀን ግን ራሱን በራሱ ይገዛል። ስለዚህ አንድ ከተማ ልጆቹን እንዴት እንደሚጠብቅ፥ ጎረቤቱን እንዴት እንደሚያከብር፥ እሳቱንም በማን እጅ እንደሚያስቀምጥ ለማወቅ የፈለገ ሰው የበዓልን ዋዜማ ምሽት ቢመለከት ይበቃዋል።

ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ሲወጡ ሰበታ፥ በአምቦ መንገድ ሲወጡ ቡራዩ፥ በጎጃም መንገድ የእንጦጦን ጋራ ሲሻገሩ ሱሉልታ ይገኛሉ። ሦስቱም ቀድሞ በየራሳቸው አስተዳደር የቆሙ ከተሞች ነበሩ፤ ከ2015 ዓ. ም. ወዲህ ግን ከሌሎች የአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች ጋር ተጠቃልለው በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ክፍለ ከተሞች ሆነዋል። በእነዚህ ከተሞች በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፥ በገናና በፋሲካ ሌሊት፥ ከጊዜ ወዲህም በፈረንጆች ዘመን መለወጫ፥ ጨለማው ሲወርድ የርችት ድምፅ ይጀምራል። አንዱ ከጓሮ፥ ሁለተኛው ከአስፋልት ዳር፥ ሦስተኛው ከታክሲ መቆሚያ ይተኰሳል። ማን እንደ ተኰሰ፥ ወዴት እንደ ተኰሰ፥ አደጋ ቢደርስ ማን እንደሚጠየቅ የሚያውቅ የለም።

የዛሬው ጽሑፋችን መነሻ ይኸው የመጨረሻው ነገር ነው። ርችት አደገኛ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ በየበዓሉ ዋዜማም በራዲዮ ይነገራል። ብዙ ጊዜ ሳይነገር የሚቀረው፥ ይህ እሳት ከሌላው የበዓል እሳታችን የሚለየው ባለቤት የሌለው በመሆኑ ነው።

ችቦና ርችት

የእኛ የዘመን መቍጠሪያ በእሳት የተሞላ ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል በነሐሴ ወር የቡሄ ችቦ ይበራል። ጳጕሜን አልቃ ዓመቱ ሊለወጥ ሲል የእንቁጣጣሽ ችቦ ይለኰሳል። መስከረም 16 ቀን ደግሞ ደመራ ይደመራል፤ የመስቀልም በዓል በ2006 ዓ. ም. በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። እንግዲህ ሕዝባችን እሳትን ለደስታ መጠቀም ዛሬ የጀመረው አይደለም፤ «እሳት ያለበት በዓል ሁሉ ይቅር» የሚል ሰው ቢነሣም የሚሰማው አያገኝም፤ መሰማትም አይገባውም።

ነገር ግን የችቦን ሥርዓት ልብ ብሎ ለተመለከተው ሰው ብዙ ጥንቃቄ ተሸሽጎበት ያገኛል። ችቦ የሚለኰስበት ቀን የታወቀ ነው፤ ሰዓቱም የታወቀ ነው። በቤት ውስጥ ችቦውን የሚያስለኵሰው አባወራው ወይም ታላቁ ሰው ነው፤ ልጆች ከኋላው ይከተላሉ። የየቤቱ ችቦ ተይዞ ወደ አንድ ገላጣ ስፍራ ይወሰዳል፤ እዚያም ከጎረቤቱ ችቦ ጋር ይደመራል። የታላቁ ደመራ ሥርዓት ደግሞ ከዚህ ይበልጣል፤ ቦታው በሽማግሌዎችና በካህናት ይመረጣል፥ ሕዝቡ በዙሪያው ራቅ ብሎ ይቆማል፥ ምሰሶው ወዴት እንደሚወድቅ ሁሉም በዓይኑ ይጠብቃል። እሳቱ ዝግ ብሎ ስለሚነድ የሚሸሽ ሰው ለመሸሽ ጊዜ ያገኛል። በማግሥቱ አመዱን የሚጠርገው ማን እንደ ሆነ እንኳ ይታወቃል።

ችቦ አያቃጥልም ማለታችን አይደለም። የልጅ ቀሚስ የበላ፥ አጥር ያነደደ ችቦ በየዘመኑ ነበረ። ነገር ግን ችቦው ሲያጠፋ አባቱ ይወቀሳል፤ ደመራው ሲያጠፋ ሰፈሩ ይወቀሳል። ይህ ወቀሳ ራሱ ጠባቂ ነው።

ርችት ግን ከዚህ ሥርዓት ውጭ ነው የገባው። ቀኑን የወሰነለት የለም፤ ከዋዜማው ሳምንት በፊት ጀምሮ ይተኰሳል። የሚያስለኵስ ታላቅ ሰው የለውም፤ የአሥር ዓመት ልጅ ከሱቅ ገዝቶ በኪሱ ይዞት ይሄዳል። ገላጣ ስፍራ አያስፈልገውም፤ በሁለት ቤቶች መካከል ባለች ቀጭን መተላለፊያ ይተኰሳል። ዝግ ብሎም አይነድም፤ ከመለኰሱ እስከ መፈንዳቱ ያለው ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ነው። ስለዚህ ልጁ ከአያቱ የተማረው የእሳት ጥንቃቄ ለዚህ አዲስ ነገር አይሠራለትም። ችቦን መያዝ የለመደ እጅ ርችትንም እንደዚያው ይዞ ይቆያል፤ ጣቱን የሚያሳጣውም ይኸው ነው።

በወረቀቱ ውስጥ ያለው ነገር

ለተማሪዎች አንባቢዎቻችን የነገሩን ሳይንሳዊ ጠባይ ጥቂት ማብራራት ይገባል። የርችት መሠረቱ ባሩድ ነው። ባሩድ ከቻይና ተነሥቶ ዓለምን የዞረ ጥንታዊ ቅመም ሲሆን፥ የተለመደው መጠኑ በክብደት ከመቶው 75 እጅ ፖታሲየም ናይትሬት፥ 15 እጅ ከሰል፥ 10 እጅ ድኝ ነው። ከሰሉና ድኙ የሚነዱት ናቸው፤ ፖታሲየም ናይትሬቱ ደግሞ ለመንደድ የሚያስፈልገውን ኦክሲጅን ከራሱ አውጥቶ ይሰጣል። ከዚህም የተነሣ ርችት እንደ ሌላው እሳት አየር በመከልከል አይታፈንም፤ አፈር ቢለብስበትም፥ በእግር ቢረገጥም በውስጡ መንደዱን ሊቀጥል ይችላል። በአንዳንድ ከፍተኛ ድምፅ በሚሰጡ ርችቶች ውስጥ ደግሞ ከባሩድ ይልቅ እጅግ የፈጠነ፥ ከአሉሚኒየም ዱቄትና ከፖታሲየም ፐርክሎሬት የተቀመመ ነገር ይገባል። ሰማዩን ቀይ የሚያደርገው ስትሮንቲየም፥ አረንጓዴ የሚያደርገው ባሪየም፥ ሰማያዊ የሚያደርገው መዳብ ነው።

ሕፃናት «ይህስ አይጎዳም» ተብሎ የሚሰጣቸው በእጅ የሚያዘው ቀጭን ሽቦ፥ ብልጭ ብልጭ እያለ የሚነደው፥ ከሁሉ የዋህ መስሎ ይታያል። ይሁን እንጂ የጫፉ ሙቀት ከ1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይደርሳል። ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ፥ በእኛ ደጋማ አገር ከዚያም ባነሰ ሙቀት መሆኑን ላስታወሰ ሰው ነገሩ ግልጽ ይሆንለታል። የፈላ ውኃ የያዘ ማንቆርቆሪያ ለሦስት ዓመት ሕፃን የምትሰጥ እናት የለችም፤ ከዚያ አሥር እጥፍ የሚሞቅ ሽቦ ግን በፈገግታ ትሰጠዋለች። ይህንንም የምታደርገው ፍቅር አንሷት ሳይሆን፥ በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ቋንቋ የማታነበው በመሆኑና የሸጠላትም ነጋዴ አንድ ቃል ስላልነገራት ነው።

ከአካል ሁሉ ይልቅ ለአደጋ የሚቀርቡት እጅና ዓይን ናቸው። እጅ ስለሚይዘው፥ ዓይን ስለሚመለከተው ነው። «አልፈነዳም» ብሎ ተመልሶ ጐንበስ የሚል ልጅ ፊቱን ከርችቱ አፍ ላይ ያደርጋል፤ የዘገየውም ያን ጊዜ ይፈነዳል። ዳር ቆሞ የሚያይ መንገደኛም ከአደጋው ነፃ አይደለም፤ ርችት አቅጣጫውን ስቶ ሲሄድ ተኳሹንና ተመልካቹን አይለይም።

እዚህ ላይ ሰበታን ማንሣት ግድ ይሆናል። ሰበታ በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቷ በአገሩ ሁሉ የታወቀች ከተማ ናት። ከዚያ የወጡ መምህራንና የሕግ ሰዎች ብርሃን ማጣት ከዕውቀትና ከሥራ እንደማያግድ በሥራቸው አስመስክረዋል። ሆኖም በሽታ ያላጠፋውን ጤናማ ዓይን ለአንድ አፍታ ጨዋታ ብሎ ማጥፋት፥ ከሌላው ከተማ ሁሉ ይልቅ በሰበታ ሊከብድ የሚገባው ነገር ነው።

ሦስቱ ከተሞች ለምን ይለያሉ?

«ርችት በአዲስ አበባም ይተኰሳል፤ ስለ ዙሪያው ከተሞች ለይቶ መናገር ለምን አስፈለገ?» የሚል ጠያቂ ይኖራል። መልሱ ሦስት ነው።

መጀመሪያው የቤቶቹ ሁኔታ ነው። ሰበታና ቡራዩ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እጅግ የሰፉ ከተሞች ናቸው። በሰበታ የፋብሪካ ሠራተኛው፥ በቡራዩ በአስኮ በኩል ወደ መርካቶ ሥራው የሚመላለሰው ሰው፥ በአንድ ግቢ ውስጥ ተደርድረው በተሠሩ የኪራይ ክፍሎች ይኖራል። ግድግዳው ጭቃና እንጨት፥ አጥሩ ደረቅ እንጨትና ሸራ፥ መተላለፊያው ጠባብ ነው። በእንደዚህ ያለ ግቢ አንድ ርችት ቢወድቅ የሚያቃጥለው የአንድን ቤተሰብ ዕቃ ብቻ አይደለም። የሱሉልታ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። የሱሉልታ ሜዳ በወተት ላሞቹና በድርቆሹ የታወቀ ነው። ሣሩ ዝናቡ ካለፈ በኋላ በጥቅምትና በኅዳር ታጭዶ ይከመራል፤ እንግዲህ የፈረንጆች ዘመን መለወጫ፥ ገናና ጥምቀት የሚውሉት ድርቆሹ ደርቆ በየግቢው በተቈለለበት በበጋው ልብ ነው። ለእንቁጣጣሽ እርጥብ ምድር ላይ ሲወድቅ የጠፋው ብልጭታ ለገና የዓመት መኖን ሊያነድ ይችላል። ርችቱ አንድ ነው፤ ወራቱና መሬቱ ግን አደጋውን ይለውጡታል።

ሁለተኛው የመንገዱ ርቀት ነው። ክፉኛ የተቃጠለ ሰው ልዩ ሕክምና የሚያገኘው በአዲስ አበባ ነው፤ የቃጠሎ ሕክምና ክፍል ያለው የየካቲት 12 ሆስፒታል፥ ለዓይን ሕክምና የታወቀውም የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ያሉት በመካከለኛው ከተማ ነው። ከሰበታ የሚነሣው በዓለም ገና፥ ከሱሉልታ የሚነሣው የእንጦጦን ቍልቍለት ወርዶ መድረስ አለበት። በበዓል ዋዜማ ደግሞ መኪናው ጥቂት፥ መንገዱ በሕዝብና በከብት የተጨናነቀ ነው። የተቃጠለ ሥጋና የተጎዳ ዓይን ሰዓትን አይታገሥም፤ የመንገዱ ርቀት ራሱ ከቍስሉ ላይ የሚጨመር ቍስል ይሆናል።

ሦስተኛው የአስተዳደሩ ነገር ነው። በእነዚህ ከተሞች የሚሸጠው ርችት በብዛት የሚመጣው ከአዲስ አበባ ገበያ ነው፤ የሚተኰሰው ግን በሌላ አስተዳደር ክልል ነው። የሚሸጥበትን የሚቈጣጠረው አንድ፥ የሚተኰስበትን የሚቈጣጠረው ሌላ፥ የተጎዳውን የሚያክመው ደግሞ እንደገና የፊተኛው ይሆናል። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥራ አመራር ኮሚሽን በከተማው ዙሪያ ለሚነሣው እሳት ጭምር ሠራተኞቹን ሲያሰልፍ የታወቀ ነው፤ የጥሪ ቍጥሩም 939 ነው። እሳቱን ለማጥፋት ወሰን እየተሻገረ የሚደረገው ይህ መተባበር፥ እሳቱ እንዳይነሣ ለመከላከልም ቢደረግ ምንኛ በተሻለ!

ድምፁ የሚያስታውሰው

ከቃጠሎው ሌላ ብዙ ሰው እንደ ቀላል የሚያየው አንድ ጉዳት አለ። እርሱም ድምፁ ነው። በሰላም ዘመን ባደገ ሕዝብ መካከል ርችት የደስታ ድምፅ ብቻ ሊሆን ይችላል። በእኛ ዘመን ግን ሕዝቡ የፍንዳታን ድምፅ በሌላ መልክ አውቆታል። ሰኔ 16 ቀን 2010 ዓ. ም. በመስቀል አደባባይ ለድጋፍ በተሰበሰበው ሕዝብ መካከል ቦምብ ፈንድቶ ሰው ሞቷል፥ ብዙዎችም ቈስለዋል። በ2011 ዓ. ም. አዲሱ ዓመት በገባ በመጀመሪያው ሳምንት በቡራዩ በደረሰው ሁከት ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል፤ ብዙ ቤተሰብም ቤቱን ጥሎ ተሰዷል። ከጦርነት ስፍራ ተፈናቅለው በእነዚህ ከተሞች ዘመድ ዘንድ የተጠጉ ሰዎችም አሉ። ለእነዚህ ሁሉ በሌሊት በድንገት የሚፈነዳ ነገር ደስታ ሳይሆን ድንጋጤ ነው። እናት ልጇን አቅፋ ከአልጋ በታች ትገባለች፤ ሽማግሌ በሩን ይቈልፋል።

በሕዝብ መካከል ሲሆን ደግሞ ድንጋጤው ከርችቱ ይብሳል። ሺህ ሰው በቆመበት አንድ ነገር ቢፈነዳ፥ ርችት መሆኑን ያወቀው ተኳሹ ብቻ ነው። የቀረው ይሮጣል፤ የሚሮጥ ሕዝብም የወደቀውን አያይም። የፀጥታ አስከባሪውም ቢሆን በዚያች ቅጽበት ርችትን ከጥይት ለመለየት የሚበቃ ጊዜ የለውም። በቅርብ ዓመታት የፀጥታ አካላት በታላላቅ የአደባባይ በዓላት ዋዜማ ርችት መተኰስ እንዳይደረግ ደጋግመው ያስጠነቀቁት ያለ ምክንያት አይደለም።

የኢሬቻ በዓል የሚከበረው እርጥብ ሣርና አበባ ተይዞ መሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ መልካም ነው። እልፍ አእላፍ ሕዝብ ወደ ውኃ ዳር ወርዶ ምስጋናውን ያቀርባል፤ ለምስጋናውም ባሩድ አላስፈለገውም። ደስታ ለመታየት የግድ መፈንዳት እንደሌለበት ከገዛ አገራችን ከዚህ የተሻለ ምስክር መፈለግ አያሻም።

ከሌላው ዓለም ሦስት ትምህርቶች

ዓለም በዚህ ነገር ከእኛ በፊት ብዙ ዋጋ ከፍሏል፤ ሳንከፍል ልንማርበት የሚገባንን ሦስት ነገር እናንሣ።

በሆላንድ አገር በኤንስኬዴ ከተማ፥ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ግንቦት 13 ቀን 2000፥ በመኖሪያ ሰፈር መካከል የነበረ የርችት መጋዘን ተቃጥሎ ፈነዳ። 23 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱ 4ቱ እሳት ሊያጠፉ የመጡ ነበሩ። የቈሰሉትም ወደ 950 ደረሱ። በኋላ የተደረገው ምርመራ ጥፋቱን በኩባንያው ላይ ብቻ አልጣለም፤ ፈቃድ የሰጡትና መቈጣጠር ሲገባቸው ያልተቈጣጠሩት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ተወቅሰዋል። ለእኛ የሚተርፈው ትምህርት፥ የርችት አደጋ ከመተኰሱ በፊት በመጋዘኑና በሱቁ እንደሚጀምር ነው። ከላምባ ጀሪካንና ከቡታ ጋዝ አጠገብ በካርቶን የተቀመጠ ርችት ገና ሳይሸጥ አደጋ ነው።

በሕንድ አገር በኬረላ ክፍለ ሀገር በፑቲንጋል ቤተ መቅደስ ደግሞ፥ በ2016 ሚያዝያ 10 ቀን በበዓል ሌሊት የርችት ውድድር ሲደረግ የተከማቸው ርችት ተያይዞ ፈንድቶ ከመቶ በላይ ሰው አለቀ። ከሁሉ የሚያሳዝነው የአውራጃው ባለሥልጣኖች ውድድሩን አስቀድመው አልፈቀዱም ነበር። ክልከላው በወረቀት ላይ ነበረ፤ በሜዳው ላይ ግን ክልከላውን የሚያስፈጽም አልተገኘም።

ሦስተኛው ከፊሊፒን የመጣ ነው። በዚያ አገር የዘመን መለወጫ ሌሊት በርችት የሚጎዳው ሰው በየዓመቱ በመቶዎች ይቈጠር ነበር። በ2017 የአገሩ ፕሬዚዳንት ባወጡት ትእዛዝ ቍጥር 28፥ ርችት በየቤቱ መተኰሱ ቀርቶ በየሰፈሩ በተወሰነ ገላጣ ስፍራ፥ በሠለጠነ ሰው ተቈጣጣሪነት ብቻ እንዲሆን ተደረገ። በሚቀጥለው ዘመን መለወጫ የጉዳተኛው ቍጥር ከቀደሙት ዓመታት አማካይ እጅግ ዝቅ ማለቱን የጤና መሥሪያ ቤታቸው ገለጠ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ግን ቍጥሩ መልሶ ከፍ ብሏል። ይህም ትእዛዝ አንድ ጊዜ ወጥቶ የሚተው ሳይሆን፥ በየዓመቱ የሚጠብቀው ሰው የሚያስፈልገው መሆኑን ያሳያል።

ሦስቱን ትምህርቶች አንድ ላይ ያየ ሰው ፊሊፒናውያን ያደረጉት ነገር ለእኛ አዲስ እንዳልሆነ ይገነዘባል። ቀኑን፥ ሰዓቱን፥ ገላጣውን ስፍራና ታላቁን ሰው ወሰኑለት፤ ይኸውም አባቶቻችን ለችቦ የሠሩት ሥርዓት ነው።

ክልከላ ብቻውን ለምን አይበቃም?

አንዳንዶች «ርችት ጨርሶ ይከልከልና ነገሩ ይለቅ» ይላሉ። አሳቡ ከንቱ አይደለም፤ ሙሉ ክልከላ የወሰነ አስተዳደርም ለሕዝቡ ጤና ቢል ነው። ነገር ግን በዋዜማው የሚነገር ክልከላ የሚደርሰው ዕቃው ከገባ፥ ከተከፋፈለና በልጆች ኪስ ከገባ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸ ነው። በዚያች ሌሊት ያለው ፖሊስ ጥቂት፥ ጓሮው ብዙ ነው። የሚያዘውም ነጋዴው ሳይሆን የመጨረሻው ገዢ፥ ማለትም ልጁ ይሆናል።

ጠመንጃን እንመልከት። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 1177/2012 ሲወጣ፥ ለመሣሪያ ፈቃድና ተጠያቂ ባለቤት ያስፈልገዋል ከሚል አሳብ ተነሥቶ ነው። ትንሹ ባሩድም በመጠኑ ይህን አሳብ ይፈልጋል። ርችት ወደ አገር የሚገባው በካርቶን ተጭኖ፥ በጉምሩክ በር አልፎ ወይም ከበሩ ተሸሽጎ ነው። አንድ ካርቶን በበሩ ወይም በጅምላ መጋዘኑ መያዝ፥ በሌሊት መቶ ልጅ ከማሯሯጥ ይቀላል። ስለዚህ ቍጥጥሩ ከበዓሉ ሦስት ወር በፊት፥ ከላይ ወደ ታች መጀመር አለበት።

ከታች ደግሞ እድር አለ። በሰበታም፥ በቡራዩም፥ በሱሉልታም እድር የሌለው ሰፈር አይገኝም። እድር አባሉን በስም ያውቃል፤ የቀረውን ይቀጣል፤ ቃሉም ይሰማል። ሐዘን ሲደርስ ድንኳን ለመትከል የሚቀድም ማኅበር፥ ሐዘን እንዳይደርስ ለመጠበቅ ሊቀድም አይችልም ማለት አይቻልም። ወረዳው ርችት እንዲተኰስ የፈቀደ እንደሆነ፥ ከቤትና ከድርቆሽ የራቀ አንድ ሜዳ፥ አንድ የታወቀ ሰዓት፥ ዕድሜው የደረሰና የሠለጠነ ተኳሽ፥ አንድ በርሜል ውኃና አንድ ክምር አሸዋ ይወሰን፤ የእድሩ ሽማግሌዎችም ሕዝቡን አርቀው ያቁሙ። ያልፈቀደ እንደሆነ ደግሞ ሱቁን የሚያስጠነቅቁት፥ ወላጁን የሚመክሩት እነዚሁ ሽማግሌዎች ይሁኑ። በሁለቱም መንገድ እሳቱ ባለቤት ያገኛል።

አደጋው የደረሰ እንደሆነ

ይህ ሁሉ እስኪሆን ድረስ አደጋ መድረሱ ስለማይቀር፥ ተማሪ የሆነ ሁሉ የሚከተለውን አውቆ ለቤተሰቡ ማስተማር ይገባዋል። የተቃጠለ ሥጋ ወዲያውኑ በሚፈስ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ሥር ለ20 ደቂቃ ያህል ይያዝ፤ ቀለበትና አምባር ካለ እብጠት ሳይመጣ ይውለቅ፤ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ላላ ተደርጎ ይሸፈን። ቅቤ፥ የጥርስ ሳሙና፥ እንቍላል፥ ቡናና ጭቃ መቀባት ቍስሉን ለመመረዝ ካልሆነ በቀር አይጠቅምም። በልብሱ ላይ እሳት የተያያዘበት ሰው አይሩጥ፤ መሬት ላይ ተኝቶ ይንከባለል።

የተጎዳ ዓይን አይታሽ፥ አይጫን፥ የገባበትም ነገር ካለ በእጅ አይነቀል፤ ዓይኑን ሳይነካ ከላይ የሚከልል ነገር፥ የወረቀት ሲኒ እንኳ ቢሆን፥ ተደፍቶበት በፍጥነት ወደ ሐኪም ይወሰድ። ጣት የተቈረጠ እንደሆነ የሚደማው ቦታ በንጹሕ ጨርቅ በኃይል ተጭኖ ይያዝ፤ የተቈረጠውም በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ በፕላስቲክ ከረጢት ከተቋጠረ በኋላ ከረጢቱ በረዶ ባለበት ውኃ ላይ ተቀምጦ አብሮ ይሂድ። ቍስሉ ትንሽ ቢመስልም የመንጋጋ ቈልፍ መከላከያ መርፌ ያስፈልግ እንደሆነ ሐኪም ይጠየቅ። ሳይፈነዳ የቀረን ርችት ደግሞ ማንም እንደገና አይለኵሰው፤ ለ20 ደቂቃ ርቀውት ከቆዩ በኋላ ውኃ ውስጥ ይነከር።

ለወጣት ባለሥልጣኖችና ለተማሪዎች

ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት ብዙዎቹ በየወረዳውና በየክፍለ ከተማው ሥራ የጀመሩ ወጣቶች መሆናቸውን እናውቃለን። አንድ አዲስ ሹም «እኔ ምን ሥልጣን አለኝ?» ማለቱ የተለመደ ነው። ነገር ግን በዚህ ጉዳይ የሚፈለገው ታላቅ ሥልጣን አይደለም። በንግድ ክፍል ያለው ወጣት ርችት የሚሸጡትን ሱቆች በስም ይመዝግብ። በጤና ጣቢያ ያለው በመዝገቡ ላይ «ቃጠሎ» ብሎ ብቻ እንዳያልፍ፥ «በርችት የደረሰ» የሚል አንድ ቃል ይጨምር፤ የጉዳተኛውንም ዕድሜና ሰፈር ይጻፍ። ከሁለት ዓመት በኋላ ያ መዝገብ ከብዙ ንግግር የበለጠ ይመሰክራል፤ የትኛው ሰፈር፥ በየትኛው በዓል፥ ስንት ዕድሜ ያለው ልጅ እንደሚጎዳ ያስረዳል። በአስተዳደር ያለው ደግሞ ከጎረቤቱ አስተዳደር ጓደኛው ጋር ከበዓሉ በፊት ደብዳቤ ይጻጻፍ።

ተማሪውም ድርሻ አለው። ለበዓል ወደ ወላጆቹ ቤት ሲመለስ ታናናሾቹ ዓይናቸውን የሚጥሉት በእርሱ ላይ ነው። እርሱ ርችት እየተኰሰ «ተዉ» ቢላቸው አይሰሙትም፤ ችቦውን ከአባቱ ተቀብሎ እነርሱን አስከትሎ ወደ ሜዳ ቢወጣ ግን ያለ ምክር ይከተሉታል።

የሰበታው ፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ፥ የቡራዩዋ ባለ ጉልት ልጅ፥ የሱሉልታው ወተት ሻጭ ልጅ በበዓል ሌሊት ደስ ሊላቸው ይገባል። ደስታቸው ግን ወደ ሰማይ ያየበትን ዓይን፥ ነገ እርሳስ የሚይዝበትን ጣት የሚያስከፍል መሆን የለበትም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ቅጠሉ በእጅ ሳለ እንዲሠራበት ነው፤ ቅጠሉም የሚቈረጠው በዋዜማው ሳይሆን ዛሬ፥ ገና ካርቶኑ ሳይከፈት ነው።